ጠፍቶ በራሱ የሚመለስ የመኪና ኤሌክትሪክ፦ በአሮጌ መኪና ላይ ብልሽቱን ደረጃ በደረጃ ማደን

መኪናው እየሄደ ዳሽቦርዱ ድርግም አለ፣ ሬዲዮው ዝም አለ፣ ሞተሩም ጠፋ። ዳር ይዘው ቁልፉን ቢያዞሩት ጠቅ እንኳ አይልም። ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ፤ ይህ ነው የሚባል ነገር ስላላዩ መልሰው ዘጉት። ገብተው ሲሞክሩት ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሣ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ «ተመስገን» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እኔ ግን ኮፈኑ ሲዘጋ የተነቃነቀ ነገር አለ እላለሁ፤ የመጀመሪያው ፍንጭ እጅዎ ገብቷል።

እንዲህ ያለው ብልሽት ሐኪም ፊት ሲቀርቡ እንደሚተው የጥርስ ሕመም ነው። ጋራዥ ሲደርስ ሁሉ ነገር ይሠራል። መካኒኩም ከሚሠራ መኪና ላይ ብልሽት ማየት ስለማይችል በግምት ዕቃ ያስቀይራል፤ መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ዲናሞ፣ ከዚያ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው)። እኔም በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። ደህና ባትሪና ደህና ዲናሞ ካስወጣሁ በኋላ ጥፋቱ የተገኘው ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር በምታገናኝ የግራውንድ ገመድ ላይ ነበር። ከላይ ሲያዩዋት ሙሉ ናት፤ ጫፏን ከያዘው ብረት ሥር ግን ሽቦው አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል።

አደኑ ሁሉ የሚያርፈው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ኤሌክትሪኩ በጠፋባት ቅጽበት የት ድረስ ደርሶ ነው የቀረው? ይህን ያወቀ ሰው የሚጠግነው ነገር ራሱ ይነግረዋል።

ከመፍቻ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ

መኪናው ጤነኛ በሆነበት ቀን ይጀምሩ። ቁልፉን አውጥተው ኪስዎ ይክተቱና ያለ ቁልፍ የሚሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ ይሞክሩ፦ ክላክስ፣ አራቱም ፍሬቻ በአንድነት፣ የፍሬን መብራት፣ የጣሪያ መብራት፣ የፊት መብራት። ያለ ቁልፍ የሚሠራ ነገር ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው በቁልፉ ቤት ሳያልፍ ነው። ከመኪና መኪና ይለያያል፤ በአንዱ ክላክስ ሁልጊዜ ይሠራል፣ በሌላው ቁልፍ ካልዞረ አይጮኽም። ስለዚህ የሰው ዝርዝር አይጠቅምዎትም፣ የራስዎን ይጻፉ። ከዚያ ቁልፉን አዙረው የሚጨመሩትን ይጻፉ፦ የዝናብ መጥረጊያ፣ የማሞቂያ ፋን፣ የዘይትና የባትሪ ምልክቶች። ወረቀቷን መኪናው ውስጥ ያኑሯት።

ጥፋቱ ሲመጣ ያቺን ወረቀት ያወጣሉ። በመንገድ ላይ ከሆኑ መጀመሪያ በሰላም ይቁሙ፤ መኪናው እየተንከባለለ ቁልፉን መልሶ መንቀል ፈጽሞ አይገባም፣ መሪው ይቆለፋልና። ሞተሩ ከጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው በቀላሉ የሚረገጠው፤ ደጋግመው አይምቱት፣ አንዴ ረግጠው ያዙት። ከቆሙ በኋላ ደግሞ ወርዶ ኮፈን የመክፈትን ፍላጎት ይዋጉት። በር መዝጋት ብቻውን ብልሽቱን መልሶ ሊደብቀው ይችላል። ተቀምጠው ዝርዝሩን ይሞክሩ።

ያለ ቁልፍ የሚሠሩትም ጭምር ሁሉም ከሞቱ፣ ነገሩ ከምንጩ ነው፦ ባትሪው ራሱ፣ ኬብሎቹን ከባትሪው ጋር የሚይዙት መቆንጠጫዎች፣ ዋናው ኬብል፣ ግራውንዱ ወይም ዋናው ፊውዝ። ክላክሱ እየጮኸ፣ የጣሪያው መብራት እየበራ፣ በቁልፍ የሚሠሩት ብቻ ከሞቱ ባትሪውን ይተዉት፤ የቁልፉን ቤትና ወደ እሱ የሚገባውን ሽቦ ነው የሚጠረጥሩት። ዳሽቦርዱም ሬዲዮውም ደህና ሆኖ ሞተሩ ብቻ ከጠፋ ደግሞ ይህ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የካንዴላ እሳት ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንዲት ሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የምታበራና የምታጠፋ ማብሪያ) ናት።

ሌሎች ትንንሽ ምስክሮችም አሉ። የዳሽቦርዱ ሰዓት ወደ መነሻው ከተመለሰ ወይም ሬዲዮው ያስቀመጠውን ጣቢያ ከረሳ፣ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣው መስመር ተቋርጦ ነበር ማለት ነው። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ለቅጽበት ከልክ በላይ ቦግ ካለ፣ ወይም አምፖል በየጊዜው የሚቃጠልብዎ ከሆነ፣ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ከዲናሞው እየተለያየ ነው፤ ባትሪው የዲናሞውን ግፊት የሚያለዝብ ትራስ ስለሆነ ሲለይ ቮልቱ ይዘላል። ማርሽ አስገብተው ሲነሡ የሚጠፋ ከሆነም ልብ ይበሉ፦ ሞተሩ ሲጎትት በመቀመጫው ላይ ዘንበል ይላል፣ ከእሱ ጋር የተያያዙት ኬብሎችም ይወጠራሉ። ጉድጓድ ላይ፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ፣ ፋኑ ሲበራ ሁሉም ይጻፍ። አምስት ስድስት ጊዜ ከተመዘገበ ወረቀቷ መናገር ትጀምራለች።

12 ቮልት የሚዋሽበት ጊዜ

ይህን ሳይረዱ መልቲሜትር (ብዙዎቻችን ቴስተር የምንለው) መያዝ ከመሳሳት አያድንም። አንድ ወፍራም ኬብል ውስጡ ተበልቶ አንዲት የሽቦ ክር ብቻ ቀርታለች እንበል። በሌላኛው ጫፍ ቢለኩ 12.6 ቮልት ያሳይዎታል። ለምን? ዲጂታል መለኪያ ራሱ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ኢምንት ስለሆነ፤ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ተቃውሞ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ነው። ያቺ ክር ለመለኪያው ትበቃለች። የፊት መብራት ሲያበሩ ግን ሁለት የ55 ዋት አምፖል ብቻ 9 አምፔር ያህል ይጎትታሉ፤ ክሯ ይህን አትችልም።

በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። በአንድ መገጣጠሚያ ላይ 0.1 ኦም ተቃውሞ ተፈጠረ፤ ብዙ መለኪያዎች በትክክል የማያነቡት ትንሽ ነገር ነው። በላዩ 30 አምፔር ሲያልፍ 3 ቮልት እዚያው ይቀራል። 3 ቮልት በ30 አምፔር 90 ዋት ነው፤ የፊት መብራት አምፖል እንኳ የማያወጣው ሙቀት በአንዲት ብሎን ሥር። ብረቱ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ግንኙነቱ ይላቀቃል፣ ሁሉ ነገር ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ይነካል። ጠፍቶ በራሱ የመመለሱ ምስጢር በብዙ መኪና ይኸው ነው።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አንድ ነው፦ ጭነት (እንደ ፊት መብራትና ፋን ያለ ኤሌክትሪክ የሚጎትት ነገር) ሳያበሩ አይለኩ። «እዚህ ቮልት አለ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ከዚህ እስከዚያ ስንት ቮልት ጠፋ?» ብለው ይጠይቁ። ኬብልን በኦም መለኪያ ፈትሸው «ደህና ነው» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ሥራቸው ሁለት እጥፍ ነው የሚሆነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎችና ጥቂት ጥንቃቄ

ዲጂታል መልቲሜትር፣ ባለ አምፖል መፈተሻ፣ መፍቻዎች፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም ሽቦ ጫፎቹ ላይ መቆንጠጫ ያለው፣ ጥቂት ባለ 2 አምፔር ፊውዞች ከነማስቀመጫቸው፣ ሦስት ትንንሽ የ12 ቮልት አምፖሎች። የመኪናው የኤሌክትሪክ ሥዕል ከተገኘ እሰየው።

ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ፤ በፖዘቲቭና በቦዲ መካከል የገባ ቀለበት ጣት ላይ ይቀልጣል። ባትሪ ሲፈታ ኔጋቲቩ ቀድሞ ይወጣል፣ ሲታሰር መጨረሻ ይገባል፤ ምክንያቱም መፍቻዎ ፖዘቲቩን እየፈታ ቦዲውን ቢነካ ኔጋቲቩ ከወጣ ምንም አይፈጠርም። ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጂን ስላለበት ብልጭታና ሲጋራ ያርቁ። ሞተሩ እየሠራ «ዲናሞው ይሞላ እንደሆነ እንይ» ብሎ የባትሪ ኬብል መንቀል የድሮ ልማድ ነው፤ ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ ቮልቱ ዘሎ ውድ ዕቃ ያቃጥላል። ኤርባግ ካለው ቢጫ ሽቦዎችንና ቢጫ ሶኬቶችን በመፈተሻ አይንኩ። ባለ አምፖል መፈተሻውም ለኮምፒውተር ሽቦ አይሆንም፤ እዚያ መልቲሜትር ብቻ። ሬዲዮው የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ባትሪ ከመፍታትዎ በፊት ቁጥሩን ያግኙ።

ባትሪውና መቆንጠጫዎቹ

ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ይለኩ። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ያህል፣ ከ12 በታች ሊያልቅ የተቃረበ። 10.5 አካባቢ ካሳየ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል፤ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ነውና። ሞተሪኖው ሲዞር ደግሞ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው።

መለኪያውን የት እንደሚያሳርፉ ግን ወሳኝ ነው። የመለኪያውን ጫፍ መጀመሪያ በባትሪው የእርሳስ ተርሚናል ላይ፣ ቀጥሎ በያዘው መቆንጠጫ ላይ ያድርጉ። የፊት መብራትና ፋን በርተው በሁለቱ መካከል የሚታይ ልዩነት ካለ ኤሌክትሪኩ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ እየቀረ ነው። ተርሚናሉ ላይ ራሱ ጭነት ሲበራ ቮልቱ ወደ ሦስት አራት ከተንኮታኮተና ባትሪውን ሲነቀንቁት ከተመለሰ፣ በውስጡ ክፍሎቹን የሚያገናኘው እርሳስ ተሰንጥቋል። ይህ በአዲስ ባትሪም ላይ ይደርሳል፤ «ባትሪው አዲስ ነው» የሚለው ቃል ማስረጃ አይደለም።

መቆንጠጫውን በእጅዎ ለማዞር ይሞክሩ። ከዞረ ላላ ነው፣ ሌላ ነገር መፈለጉን ያቁሙና እሱን ያስተካክሉ። የፖዘቲቭ ተርሚናል ከኔጋቲቩ በትንሹ እንደሚወፍር ብዙ ሰው አያውቅም፤ የፖዘቲቭ መቆንጠጫ ኔጋቲቭ ላይ ከገባ ቢያጠብቁትም አጥብቆ አይዝም። መሃሉ ላይ ሚስማር ወይም የታጠፈ ቆርቆሮ ተሸጉጦ ካገኙ ያውጡት፣ ልኩን የጠበቀ መቆንጠጫ ይግዙ። ነጭና አረንጓዴ ዱቄቱን በአንድ ኩባያ ውኃ ውስጥ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ያጥቡት፤ ወደ ባትሪው ቀዳዳ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ተርሚናሉንም የመቆንጠጫውንም ውስጥ እስኪያበራ ይፈግፍጉት፣ ይሰሩት፣ ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን ከላይ ይቀቡት። ቀብቶ ማሰር ሳይሆን አስሮ መቀባት።

ከመቆንጠጫው የሚወጣውን ኬብልም በጣትዎ ይዳስሱት። አሲዱ በሽፋኑ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ያበጠ፣ የሚንኮሻኮሽ ወይም እንደ ደረቅ እንጨት የጠነከረ ቦታ ካለ ሽፋኑ ሥር ያለው መዳብ ተበልቷል፤ ከጫፉ ትንሽ ቆርጦ መቀጠል አይበቃም፣ ኬብሉ በሙሉ ይቀየር።

የጠፋውን ቮልት መፈለግ

አሁን መልቲሜትሩን በቀጥታ ቮልት (DC) ላይ አድርገው ቀዩን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ተርሚናል ላይ በመቆንጠጫ ያስሩት። ጥቁሩን ይዘው መንገዱን ተከትለው ይሂዱ። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ይብራ፤ የፊት መብራት፣ ፋን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያ ሁሉም ይሥሩ። ጥቁሩን በሚያሳርፉበት ቦታ ሁሉ የሚያዩት ቁጥር እስከዚያ ድረስ የጠፋው ቮልት ነው። እስከ ፊውዝ ሣጥኑ መግቢያ ድረስ 0.2 ቮልት ብዙ ነው፤ በአንድ መገጣጠሚያ ላይ ብቻ 0.1 ካለፈ ያንን ፈትተው ያጽዱት። ቁጥሩ ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀስ እያለ ሄዶ በአንዲት ብሎን ላይ ከ0.08 ወደ 1.4 ሲዘል ያያሉ። ሌባው እሱ ነው።

የሞተሪኖው መስመር ለብቻው ይለካል፣ ጓደኛዎ ቁልፉን እያዞረ። እዚህ ከ100 አምፔር በላይ ስለሚያልፍ እስከ 0.5 ቮልት ይታገሱታል።

ግራውንዱ፣ ሁሉም የሚረሳው

ኤሌክትሪክ ሄዶ ይመለሳል። የሚመለስበት መንገድ የመኪናው ብረት ነው፤ በዚህም ምክንያት ሰው ሽቦ ስለማያይ ይረሳዋል። አብዛኛው መኪና ቢያንስ ሁለት ዋና ግራውንድ አለው፦ አንደኛው ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ ወይም ወደ ማርሹ ሣጥን፣ ሌላው ከሞተሩ ወይም ከባትሪው ወደ ቦዲው። የሞተሩ መቀመጫዎች ጎማ ስለሆኑ ኤሌክትሪክ አያሳልፉም፤ ስለዚህ ያቺ ገመድ ብትቆረጥ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የነዳጅ መርገጫው ሽቦ፣ የማርሽ ኬብል፣ ያገኘውን ሁሉ። ሞተር ሲነሣ የነዳጅ መርገጫው ኬብል የሚሞቅ ወይም የሚጨስ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ ግራውንዱ ሄዷል። ፍሬቻ ሲበራ ሌላ መብራት አብሮ እየደበዘዘ የሚንቦገቦግ ከሆነም ያው ነው።

ልኬቱ ቀላል ነው፦ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ተርሚናል፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ፣ ጭነቱ ሁሉ በርቶ። ከዚያም በቦዲው ላይ ይድገሙት። ከ0.2 ቮልት ካለፈ ይፍቱት። ሁለቱም ልኬት ደህና ሆኖ ከጠረጠሩ ደግሞ በጀምፐር ኬብል አንዱን ጫፍ በኔጋቲቭ ተርሚናል፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ያስሩና መኪናውን ይሞክሩት። ለውጥ ከመጣ መልሱን አገኙ፤ ይህ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ሙከራ ስለሆነ እኔ ዛሬ ዛሬ ገና ሳልለካ ነው የምሠራው።

ሲጠግኑ ገመዱ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለም ይፋቁ። ቦዲው ተጠግኖ ቀለም የተቀባ መኪና ካለዎት ቀለሙን በጣም ይጠርጥሩ፤ ግራውንዱ በቀለም ላይ ታስሮ ኤሌክትሪኩ በብሎኑ ጥርስ ብቻ ሲያልፍ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ዋናው ፊውዝና የፊውዝ ሣጥኑ

በብዙ አሮጌ መኪኖች ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ቀልጦ መስመሩን የሚያድን አጭር ልዩ ሽቦ አለ፤ በሌሎች ደግሞ በብሎን የታሰረ ትልቅ ፊውዝ ነው። ሽቦው ውስጡ ተቃጥሎ ሽፋኑ ሙሉ ሊመስል ይችላል። በቀስታ ሳብ ያድርጉት፤ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ውስጡ የለም። በብሎን የታሰረው ፊውዝ ላይ ደግሞ ዋናው ችግር የብሎኑ መላላት ነው፤ በዙሪያው ፕላስቲኩ ከጠቆረ ሙቀት ነበረ።

የፊውዝ ሣጥኑን ሲያዩ የተቃጠለ ፊውዝ አይፈልጉ፤ የተቃጠለ ፊውዝ በራሱ አይመለስም። የሚፈልጉት የላላ ጥፍር፣ የጠቆረ ፕላስቲክ፣ አረንጓዴ ዝገት ነው። እያንዳንዱን ፊውዝ በጣት ጫን ነቅነቅ ያድርጉ፣ ጭነቱ እንደበራ። የድሮዎቹ ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ የሴራሚክ ፊውዞች በተለይ ጫፋቸው ይዝጋል፤ በቦታቸው ማሽከርከር ብቻ መብራት ሲመልስ ካዩ ሁሉንም አውጥተው ጥፍሮቹን ያጽዱ፣ ፊውዞቹን ይቀይሩ። ሣጥኑን ከቦታው ፈትተው ጀርባውንም ይዩ፤ ብዙው ጉድ ያለው እዚያ ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር የሚገባ ውኃ ሣጥኑ ላይ የሚንጠባጠብባቸው መኪኖች አሉ፤ ያኔ ኤሌክትሪኩን ከመጠገን በፊት ውኃውን መግታት ነው። በቀዩ የ10 አምፔር ፊውዝ ቦታ አረንጓዴ የ30 ገብቶ ካገኙም ከእርስዎ በፊት አንድ ሰው ይህንኑ ብልሽት ሲሸሽ እንደነበር ይወቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳሽቦርዱ ላይ የአምፔር መለኪያ ባላቸው በጣም አሮጌ መኪኖች ከሞተሪኖው በቀር የመኪናው ኤሌክትሪክ በሞላ ማለት ይቻላል በዚያ መለኪያ ጀርባ ባሉ ሁለት ብሎኖች ያልፋል። ከሁለቱ የአንዱ ዳዶ ከላላ ሁሉም ነገር በአንዴ ይጨልማል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

የቁልፉ ቤት

ቁልፍ የሚገባበት ሲሊንደር አንድ ነገር ነው፣ ከጀርባው ያለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ሌላ። የሚበላሸው በአብዛኛው ሁለተኛው ነው። ለዓመታት በውስጡ ያለፈው አምፔር የመዳብ ጥርሶቹን አቃጥሏቸዋል፤ አሥር ቁልፍ የተንጠለጠለበት መያዣም እያወዛወዘ ይጨርሳቸዋል። መጀመሪያ መያዣውን አውልቀው በአንድ ቁልፍ ብቻ ለጥቂት ቀናት ይንዱ። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናው ቆሞ፣ ቁልፉን ሳያዞሩ በቀስታ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ይንኩት። ዳሽቦርዱ ድርግም ካለ ወይም ሞተሩ ከተንገጫገጨ አግኝተዋል።

በልኬት ለማረጋገጥ ቀዩን በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከማብሪያው በሚወጣው ሽቦ ላይ ያድርጉ፣ ጭነት በርቶ። ከ0.3 ቮልት በላይ ጠፍቶ ቁልፉ ሲነካ ቁጥሩ የሚዘልል ከሆነ ማብሪያው ይቀየር። በብዙ የአውሮፓ መኪኖች ሽቦዎቹ በቁጥር ይታወቃሉ፦ 30 ከባትሪ ሁልጊዜ የሚመጣው፣ 15 ቁልፍ ሲዞር የሚሠራው፣ 50 ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው፣ 31 ግራውንዱ። ይህን ማወቅ ያለ ሥዕልም ብዙ ያራምዳል። ማብሪያው ላይ የሚገባውን ሶኬትም ነቅለው ይመልከቱ፤ አንዷ ጥርስ ጠቁራ ፕላስቲኩ ከቀለጠ ማብሪያው ብቻ ሳይሆን ሶኬቱም መቀየር አለበት፣ አለዚያ አዲሱም ይቃጠላል።

እዚሁ መሪው ሥር ሳሉ ሌላ ተጠርጣሪ ያገኛሉ፤ በኋላ የተገጠመ የስርቆት መከላከያ። ገጣሚው የቁልፉን ሽቦ ቆርጦ በአንዲት ትንሽ ሪሌይ በኩል አሳልፎታል፣ ጫፎቹን ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቅልሏቸዋል። ፕላስተሩ ከዓመታት በኋላ ሙጫው ቀልጦ ይንሸራተታል። ከፋብሪካ ያልወጣ ሽቦ ሁሉ በመጀመሪያው ረድፍ ይጠርጠር። ሳይሠራ የቀረ መከላከያ ከሆነ አውጥተው የፋብሪካውን ሽቦ በወጉ መቀጠል ከሁሉ ይሻላል።

ሪሌይን በተመለከተ ብዙ አልልም። በሣጥኑ ውስጥ ቁጥሩ የሚመሳሰል ሌላ ሪሌይ ካለ አለዋውጠው ይሞክሩ። ፀሐይ ላይ ውሎ የማይነሣ፣ መስኮት ተከፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ መኪና ብዙውን ጊዜ በሪሌዩ ውስጥ የተሰነጠቀ የቆርቆሮ ብየዳ አለው፤ በካቻቪቴ እጀታ ቀስ አድርገው መታ ሲያደርጉት ሞተሩ ከሳለ እሱ ነው።

ሦስቱ አምፖሎች

ይህን ሁሉ ፈትሸው ብልሽቱ እምቢ ካለ ወጥመድ ማጥመድ ነው። ከሁሉ የምወደው ዘዴ ይህ ነው፤ ሲሠራ ሰው ያስቃል፣ ግን እንደ እሱ የያዘልኝ የለም።

ሦስት ትንንሽ የ5 ዋት አምፖሎችን ዳሽቦርዱ ላይ፣ እይታዎን ሳይጋርዱ፣ በፕላስተር ይለጥፉ። በላያቸው 1፣ 2፣ 3 ብለው ይጻፉ። የ1 ቁጥር ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተርሚናል ይምጣ። የ2 ከፊውዝ ሣጥኑ መግቢያ። የ3 ከቁልፉ ማብሪያ መውጫ። እያንዳንዱ ሽቦ በተነሣበት ቦታ፣ ከምንጩ በአንድ ጣት ርቀት ውስጥ ባለ 2 አምፔር ፊውዝ ይኑረው፤ አምፖሏ የምትወስደው 0.4 አምፔር ብቻ ስለሆነ ይበቃል፣ ሽቦው ቢፋቅም መኪናው አይቃጠልም። የሦስቱንም ግራውንድ አንድ ላይ አድርገው በቀጥታ ከባትሪው ኔጋቲቭ ተርሚናል ጋር ያስሩ፣ ከቦዲው ጋር አይደለም። ሽቦዎቹን ከጭስ ማውጫውና ከሚዞር ነገር ያርቁ። ማታ ሲቆም 1 እና 2 ባትሪ ስለሚጨርሱ ፊውዞቻቸውን ይንቀሉ።

ከዚያ እንደ ወትሮው ይንዱ። ጥፋቱ ሲመጣ አምፖሎቹን ማየት ብቻ ነው። 3 ጠፍታ 1 እና 2 ከበሩ፣ በፊውዝ ሣጥኑና በማብሪያው መካከል ወይም ማብሪያው ውስጥ ነው። 2 እና 3 ጠፍተው 1 ከበራች የፖዘቲቭ መቆንጠጫው፣ ዋናው ፊውዝ ወይም ወደ ሣጥኑ የሚሄደው ኬብል። ሦስቱም ከጠፉ ባትሪው ውስጡ ተሰንጥቋል። የሚገርመው አራተኛው ሁኔታ ነው፦ ሦስቱም እያበሩ መኪናው ከሞተ። ይህ ኤሌክትሪኩ እየሄደ መመለሻ አጥቷል ማለት ነው፤ አምፖሎቹ ግራውንዳቸውን ከተርሚናሉ በቀጥታ ስለሚያገኙ እነሱ አይጠፉም፣ መኪናው ግን ጠፍቷል። ወደ ኔጋቲቭ መቆንጠጫውና ወደ ግራውንድ ገመዶቹ ይመለሱ። የእኔዋ ገመድ የተያዘችው በዚህ ነው።

አምፖል የመረጥኩት በመልቲሜትር ፋንታ ሆን ብዬ ነው። አምፖል ትንሽም ብትሆን ጭነት አላት፣ ስትደበዝዝም ትታያለች፣ እየነዱ ቁጥር ማንበብም አያስፈልግዎትም።

ብልሽቱን በግድ መጥራት

መንገድ ላይ እስኪመጣ መጠበቅ ካልፈለጉ ቤት ቆመው ይጥሩት። ሞተሩ እየሠራ፣ ጭነቱ በርቶ፣ አንድ ሰው አምፖሎቹን እያየ እርስዎ የሽቦ ጥቅሎቹን በደረቅ እንጨት እየነካኩ ከባትሪው ወደ ውስጥ ይሂዱ። ጥቅሉ በብረት ጠርዝ ላይ የሚታጠፍበት፣ በበር ማጠፊያ የሚገባበት፣ ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ይቆዩ። እጅዎንና ልብስዎን ከቺንጊያውና ከፋኑ ያርቁ። ሲሞቅ የሚመጣ ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ ሪሌዩንና የቁልፉን ማብሪያ በየተራ ያሙቁ፤ ዝናብ ላይ የሚመጣ ከሆነ በመርጫ ጠርሙስ ውኃ እየነፉ ቦታውን ያጥብቡት። በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ። ሁሉንም በአንዴ ያረጠበ ሰው የትኛው እንደነበረ አያውቅም።

ሲገኝ እንዴት እንደሚጠገን

ሽቦ ከተቆረጠ እኩል ውፍረት ባለው ሽቦ ይቀጠል፣ በትክክለኛ መጨመቂያ ይጨመቅ ወይም ይበየድ፣ በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ይሸፈን። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ዛሬ ያገኙትን ብልሽት ለሚቀጥለው ዓመት ማስቀመጥ ነው። የባትሪ ኬብል ከሆነ ከቀድሞው እንዲቀጥን አይፍቀዱ። የጠቆረ ሶኬት በብርጭቆ ወረቀት ቢጸዳም ጥርሱ ጉልበቱን በሙቀት ስላጣ ይቀየራል።

ከጥገናው በኋላ የጠፋውን ቮልት እንደገና ይለኩና ቁጥሩን በዚያችው ወረቀት ላይ ይጻፉት። አምፖሎቹን ግን ቶሎ አይፍቷቸው። ወረቀቱ ላይ የጻፏቸው ሁኔታዎች፣ ጉድጓዱም ዝናቡም ፀሐይ ላይ የዋለው ቀንም፣ አንድ ጊዜ ደግመው እስኪያልፉ ድረስ ዳሽቦርዱ ላይ ይቆዩ።